መቅላቱን ያጠፋው ጠብታ

የዕለት መዝገብ፣ ጭሮ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጠዋት ከገለምሶ የገባ ጫት፦ ስልሳ አራት እስር። ተመርጦ የተጫነ፦ አርባ። ከሥራ የቀረች ጫት መራጭ፦ አንድ፣ ታላቅ እህቴ መይሙና።

ለተከበሩ የመድኃኒት መደብሮች ቁጥጥር ኃላፊ፣

አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለሁለቱም ዐይኖችዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የጫት ብናኝ ዐይኗን እያሳከከ ላቀላባት መይሙና ያለ ሐኪም ማዘዣ ጠብታ በአንድ ደቂቃ እንዲገኝላት ስላደረጉ አመሰግናለሁ። እርግጥ ገዢው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶውን ብልቃጥ ለባለመደብሩ ሳሳይ "ያንኑ ነው?" ይለኛል፤ "ያንኑ" እላለሁ። መቅላቱ በማግስቱ ይጠፋል። ቀይ ዐይን ያላት መራጭ ደንበኛ ታሸሻለች ብዬ ነበር የምገዛው።

2ኛ. ጠብታው ስቴሮይድ እንዳለበት፣ ሲዘወተርም በአንዳንድ ሰው ዐይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ የማየት ነርቭን እንደሚጎዳ፣ ይህም ግላኮማ እንደሚባል በጊዜው ነግረው ስላላስጨነቁን ከልብ እናመሰግናለን። ሕመም የለውም። መጀመሪያ የሚጠፋው ዳር ዳሩ ነው፤ መይሙና ፊቷ ያለውን ቅጠል አንድ በአንድ እየለየች በግራዋ የቆመውን ሰው አታይም ነበር።

3ኛ. ይህኛው የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ለማን እንደምጽፈው ግን አጣሁ። በነሐሴ በግራዋ የተደረደረውን እስር ረግጣ ስታልፍ፣ ሠራተኞች ፊት "ዐይንሽን የት ጥለሽው ነው?" ብዬ ጮኽሁባት። "አንተው ጋ ነው ያለው፣ ፈልግልኝ" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ባለፈው ሳምንት ሐረር ያየናት ሐኪም የግራ ዐይኗ ጨርሶ መጥፋቱን፣ የጠፋውም እንደማይመለስ ነገረችን። የቀኙን ግን መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ከተከታተለች ማቆየት ይቻላል። ያንኑ ብልቃጥ ደግሞ፣ ለጋስ መስዬ፣ ለሌሎቹ ሁለት መራጮች ለኩብራና ለሀሚዳም ስሰጥ ኖሬአለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፦ ይህ ጠብታ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ያድርጉ፤ ሲጠቀሙበት የቆዩትም የዐይን ግፊታቸውን እንዲለኩ በቦርደዴም፣ በበደሳም ያስነግሩ። ጥፋተኛ መዝግቡ ከተባለም የእኔን ስም ከላይ ያስፍሩልኝ፤ አልከራከርም።

እስካሁን ላልተለየን ክቡር ዝምታዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ እያቀረብሁ፣
ጫት ነጋዴው አብዱናስር

ማስታወሻ፦ መሥሪያ ቤትዎ ያሰቀለውን "ዐይናችንን እንጠብቅ" የሚል ባነር አይቼዋለሁ፤ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ መይሙና እንኳ አንብባዋለች። አንዱ ገመድ የታሰረው ጠብታውን ከምገዛበት መደብር በር ላይ ነው።

ነገ፦ ኩብራንና ሀሚዳን በመጀመሪያው ሚኒባስ ሐረር ወስጄ ማስለካት። ለምን እንደምንሄድ አልነገርኳቸውም፤ ከመሳፈራችን በፊት መንገር።