በፔዳል የሚሠራው አሳንሰር

ለተከበሩ የአዲሱ ስፖርት ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ በተለይም ጉልበትዎ የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። እኔ ከማዕከልዎ ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ጸጉር ቤት ባለቤት ነኝ። የደንበኛዬ መስታወት በርዎንና ከበሩ ወዲያ ያለውን ደረጃ ስለሚያሳይ፣ ጸጉር እየቆረጥኩ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ አያለሁ፤ መግባት ያልቻለውንም ጭምር።

መግባት ካልቻሉት አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከመኪና አደጋው ወዲህ እግሮቿ ስለማይታዘዙላት በተሽከርካሪ ወንበር ትሄዳለች። ሐኪሟ ደጋግሞ የነገራት አንድ ነገር ነው፤ ክንድና ትከሻዋን በብረት ካላሠራች፣ ከአልጋ ወደ ወንበሯ ራሷን አንስታ መቀመጥ ያቅታታል፣ ከዚያ በኋላ ኑሮዋ በሰው እጅ ይሆናል። ስለዚህም በቀድሞው አዳራሽ ብረት ታነሳ ነበር። ያ አዳራሽ መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ላብ ላብ የሚሸት ቤት ነበር። በሩ ግን ጋሪ እንዲያስገባ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሰፊ ነው፣ ወለሉም ከመንገዱ እኩል ነው፤ እህቴ ማንንም ሳትለምን ትገባበት ነበር። «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ» የሚል ጽሑፍ ስላልነበረው ግን አፈረሱልን። ስላፈረሱልን እናመሰግናለን።

በምትኩ ስለቆመውና ግንባሩ ላይ «ለሁሉም ተደራሽ፣ ለአካባቢ ተስማሚ» ተብሎ ስለተጻፈበት ሕንጻ ያለኝን ቀሪ ምስጋና እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ምድር ቤቱን በሙሉ ለአረንጓዴ ተክሎች ሰጥተው፣ የስፖርት መሥሪያውን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስላደረጉት እናመሰግናለን። ተክሎች ደረጃ መውጣት እንደማይችሉ አስቀድሞ የተረዳ ኃላፊ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ደግሞ አሳንሰር አሠርተዋል፤ አሳንሰሩም መብራት እንዳያባክን፣ ላይ ያሉት የስፖርት ብስክሌቶች በሚያመነጩት ኃይል ብቻ እንዲንቀሳቀስ አድርገዋል። ይህም ማለት፣ እህቴ ወደ ላይ ትወጣ ዘንድ፣ እግሩ ደህና የሆነ ሰው በደረጃ ቀድሟት ወጥቶ ፔዳል መምታት አለበት። ይህን ሐሳብ ያፈለቀው ሰው እርስዎ ነዎት ሲሉኝ አላመንኩም ነበር፤ በኋላ በምርቃቱ ላይ ንግግርዎን ስሰማ አመንኩ።

፪. በምርቃቱ ዕለት እህቴን በክብር እንግድነት ስለጠሯት፣ እንዲሁም ከረባትዎን ወደ ትከሻዎ ወርውረው እርስዎ ራስዎ ብስክሌቱ ላይ ስለወጡ እናመሰግናለን። እርስዎ ፔዳል መቱ፣ እህቴ ወጣች፣ ታዳሚው አጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ። ከዚያም እርስዎ ከብስክሌቱ ወርደው ወደ ግብዣው ሄዱ፣ አጃቢዎችዎም ተከተሉዎት። እህቴ አሳንሰሩ ደጃፍ ላይ ቀርታ የጠየቀችውን ጥያቄ እርስዎ አልሰሙትም፤ እኔ አብሬያት ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁና ላድርስልዎ፦ «እሳቸው ወረዱ፤ እኔስ በማን ልውረድ?» መልሱ ጥበቃዎቹ ሆኑ። ከነወንበሯ ተሸክመው ሲያወርዷት፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አንደኛው አዳልጦት ትከሻዋ ከግድግዳው ተላተመ። ክንዷን ልታጠነክር ሄዳ ክንዷን ታማ መጣች። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ የሚሉት ይሄ ነው።

፫. ትከሻዋ ሲሻላት ደጋግማ መጥታ ነበር። ብስክሌት ላይ ሰው ሲጠፋ ታች ከተክሎችዎ ጋር ትጠብቃለች፣ ሰው ሲገኝ ትሞክራለች። አንድ ቀን ፔዳል የሚመታላት ወፍራም ነጋዴ ስልክ ተደወለለትና ቆመ፤ አሳንሰሩም ነጋዴው ስልኩን እስኪጨርስ በሁለቱ ፎቆች መካከል በጨለማ ውስጥ ቆመ። ነጋዴውን አልቀየመውም፤ ስልኩ የዕቃ ነበር፣ እህቴን ለማውጣትና ለማውረድም አልተቀጠረም። ከዚያ ቀን ወዲህ እህቴ መምጣት ተወች።

፬. አቤቱታችንን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውታል ብዬ እንዳላማዎት፣ ቅሬታ ያለው ሰው በአካል ቀርቦ እንዲያስረዳ ስለፈቀዱ እናመሰግናለን። የቅሬታ መቀበያው ሁለተኛ ፎቅ ነው። እኔ በእሷ ፈንታ ብወጣ ደግሞ፣ ባለጉዳይዋ ራሷ ትቅረብ ተባልኩ። በዚያው ቢሮዎን የማየት ዕድል አገኘሁ፤ የአየር ማቀዝቀዣው እንዴት ደስ ይላል። ለእሱ ማን ፔዳል እንደሚመታለት ጸሐፊዎን ብጠይቃት፣ እሱ ከዋናው የመብራት መስመር ነው አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ ባለፈው ሰኞ ጠዋት እህቴ ወንበሯን ተመርኩዛ ከአልጋዋ ልትነሳ ሞከረች። ክንዷ ተንቀጠቀጠና መልሳ ተቀመጠች። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ጠራችኝ። ለዚህ ጉዳይ ጠርታኝ አታውቅም። ሳነሳት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔ ልጅ ሳለሁ አቅፋ የምታነሳኝ እሷ ነበረች። እጅግ ተናድጃለሁ፤ ደብዳቤዬ ትሁት መሆኑ እንዳያሳስትዎ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማቀዝቀዣዎን ከመብራት መስመሩ ጋር ያገናኘው ባለሙያ፣ እግረ መንገዱን አሳንሰሩንም ያገናኝልን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ቢባልም፣ እርስዎ ፕላንዎን ይለቃሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህ ከከበደዎት ደግሞ፣ መግቢያው ላይ አስፍተው የሰቀሉትን የእህቴን ፎቶ ያውርዱልን። ያን ዕለት የወጣችው ሌላ ቀንም ትወጣለች ተብሎ ስለሆነ፣ ካልወጣች ፎቶዋ እዚያ ተሰቅሎ ምን ይሠራል?

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ዝቅ ማለት የሚችል ወገብ ስላለኝም ዕድለኛነቴን አውቃለሁ።

የዘወትር ተመልካችዎ፣
ከደጅዎ ፊት ለፊት ያለው ጸጉር አስተካካይ

ማስታወሻ፦ በመስታወቴ እንዳየሁት ከሆነ፣ ሰሞኑን ደረጃውን ሲወጡ መታጠፊያው ላይ ቆም ብለው ጉልበትዎን ማሸት ጀምረዋል። እህቴ ነግ በእኔ የምትል ሴት ናትና አይስጉ፤ ታች ከተክሎቹ አጠገብ ትጠብቅበት የነበረውን ቦታ ትለቅልዎታለች፣ ውሃ ሲያጠጧቸው ጫማ የማይረጥበው በየት በኩል እንደሆነም ታሳይዎታለች። ፔዳሉን ማን እንደሚመታልዎ ግን ከአሁኑ ያስቡበት። እኔ ሥራ ይበዛብኛል።