ከሐዋሳ ነኝ ያለው ታዛቢ

ውድ ሚሊዮን፣

ይህ ደብዳቤ እጅህ ገብቶ እያነበብከው ከሆነ ጀርመን የለህም ማለት ነው። በስልክ ያልጻፍኩልህም ለዚሁ ነው። የስልክ መልእክት የትም አገር ብትሆን ያገኝሃል። ይህን ግን አጥፌ፣ ፖስታው ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በማጣበቂያ ሁለት ጊዜ ለጥፌ ለሰላሐዲን ሰጥቼዋለሁ። ሰላሐዲንን ታስታውሰዋለህ፤ ሁለታችንም አስተምረነዋል፣ አሁን ከቦንጋ ቢታ ገነት ሚኒባስ ይነዳል። «ቢታ ገነት ላለችው ለሚሊዮን እህት ለማርቲ ስጣት፣ እሷ ታደርስልኛለች» አልኩት። «ቲቸር ሚሊዮን ጀርመን አይደለም እንዴ?» አለኝ። «አንተ ስጣት ብቻ» አልኩት። ሁለት ጊዜ የለጠፍኩት እሱንም ስለማላምነው ነው።

ተጠራጣሪ ናት እያልክ ታስቅብኝ እንደነበር አልረሳሁም። መምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ ስኳሩን አሽትታ ነው የምትጨምረው ብለህ ለሰው ሁሉ አውርተሃል። ሳቅ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ያሉት ግን ሞኞች አልነበሩም።

ያንን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈትነው አንተና እኔ ነን፤ በዚህ አገር ስለ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ በአማርኛ ማውራት የሚፈልግ ሰው ካለ ይምጣ ብለን። «ባዶ ቦታ» ብለህ የሰየምከው አንተ ነህ፤ ኅዋ ባዶ መስሎ ባዶ አለመሆኑን ልታሳይበት። መጀመሪያ የመጡልን ግን «ካሬው ስንት ነው?» የሚሉ የቦታ ደላሎች ነበሩ። አድሚንነትን የተማርኩት እነሱን ሳስወጣ ነው። ከዚያ የሠርግ ጥሪ የሚለጥፉ መጡ፣ በአንድ ሳምንት ሀብታም እናደርጋችኋለን የሚሉ መጡ፣ ዓለም እንዴት ተፈጠረች በሚለው ላይ ጥቅስ እየጠቀሱ የሚሰዳደቡ መጡ። ደንብ ያስፈልገናል ያልከው ያኔ ነው። የመጀመሪያውንም መስመር ራስህ ጻፍከው፦ በእውነተኛ ስሙ ያልገባ ይወጣል። «ስሙን የሚደብቅ ሰው ስሌቱንም ይደብቃል» አልክ። ቃልህን ከላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እስካሁን እዚያው አለ።

ከዚያ የጀርመኑ የትምህርት ዕድል መጣልህና ከተማው ሁሉ በደስታ አበደ። ቪዛው ሳይመታ ሽኝቱ ተደገሰ። እኔ «ይምታና እንደግሳለን፣ ምን አስቸኮለን?» ብል ሟርተኛ ተባልኩ። መምህራን አዋጥተን ሻንጣና ጋቢ ገዛንልህ፣ ሽማግሌ መረቀህ፣ ዳይሬክተራችን ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እንባ እየተናነቃቸው ንግግር አደረጉ። እናትህ እትዬ ታንጉት ሰፈሩን ጠርተው አበሉ። እኔም የዚያን ዕለት አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ሰው በዝቶብኝ ተውኩት። እወድህ ነበር፣ ሚሊዮን። አሁንም እወድሃለሁ። ይኸው ተናገርኩት፤ ወደ ሌላው ነገር ልለፍ።

ለቪዛው ብለህ አዲስ አበባ ሄድክ። ቆይቶ «ጀርመን ገብቻለሁ፣ ብርዱ ለጉድ ነው» የሚል አጭር መልእክት ላክህ። ሥራ በዝቶብኛል ብለህም ከግሩፑ ወጣህ። ፎቶ የለም። በረዶ ላይ ቆሞ ፎቶ ሳይልክ ውጭ አገር የገባ የቦንጋ ልጅ እኔ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት «ታዛቢ» የሚባል ሰው ግሩፑ ውስጥ ልግባ ብሎ ጠየቀኝ። ከሐዋሳ ነኝ፣ በሥራዬ ምክንያት ስሜን መግለጽ ይቸግረኛል፣ ጥቂት ጊዜ ስጭኝ አለ። ሰጠሁት፤ አምኜው ግን አይደለም። አጥር ዙሪያ ከሚያንዣብብ ሰው ግቢ የገባው ይሻላል፣ ቢያንስ ምን እንደሚያደርግ ታየዋለህ። መጀመሪያ ከቢሮ የተላከ ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ ነበር። ጆሮ ጠቢ ደግሞ ስለ ጥቁር ጉድጓድ ምን አገባው? ቀጥሎ ግሩፑን ሊነጥቀኝ ነው አልኩ፤ ሰው ሁሉ እኔን ትቶ እሱን መጠየቅ ጀምሮ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀናሁም።

አንድ ቀን ዝማሬ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ብርሃን ክብደት ከሌለው ስበት እንዴት ያጎብጠዋል?» ብላ ጠየቀች። ታዛቢ ምን ብሎ ቢጀምር ጥሩ ነው? «መጀመሪያ መልሱ ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ? አሰብሽው? አሁን እርሺው።» ይህን አነጋገር አንተ ሰሌዳ ፊት ቆመህ ስትለው ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ብርሃኑ በበኩሉ ቀጥ ብሎ እየሄደ እንደሆነ፣ የጎበጠው የሚሄድበት ቦታ ራሱ እንደሆነ አስረዳት። «ወደ ማንኪራ በእግር እንደ መሄድ ቁጠሪው» አላት፤ «አንቺ ወደፊት ብቻ ነው የምትራመጂው፣ መንገዱ ግን ኮረብታውን ተከትሎ ያዞርሻል።» ልጅቷ ገብቷት አመሰገነች። እኔ ግን ሐዋሳ ያለ ሰው እዚህ ቦንጋ አጠገብ ያለውን የማንኪራን የእግር መንገድ ከየት አወቀው ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳሰላስል ዋልኩ።

ቢሆንም የቀድሞ ተማሪህ ሊሆን ይችላል ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ በኅዳር መብራቱም ኔትወርኩም ከከፋ ዞን ጠፍቶ ሰነበተ። የተመለሰ ዕለት እኛ የከፋዎቹ እንደ ልማዳችን ግሩፑ ላይ «መጣ!» «መጣ!» እያልን መጻፍ ጀመርን፤ መብራት ሲመጣ መንደሩ ሁሉ እንደሚጮኸው። የአዲስ አበባዎቹ ሁልጊዜ ይስቁብናል። በመሃል ታዛቢም «መጣ!» አለ። ወዲያው አጠፋው፤ እኔ ግን አንዴ አይቼዋለሁ። ሐዋሳ የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። እዚያ መብራትም ኔትወርክም አልጠፋም ነበር።

ቀጥሎ እህትህን ማርቲን ቦንጋ ገበያ አገኘኋት። ዘንቢሏ ውስጥ ጠመኔና የጢም መላጫ አየሁ። ማርቲ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። «ይኼ ለማን ነው?» አልኳት። «ለንግድ ነው» አለችኝና ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ሱቅ የላትም። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

እናትህንም ልንገርህ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «ልጄ ደህና ነው?» ይሉኛል፤ «ደህና ነው፣ እትዬ» እላለሁ። ባለፈው እሑድ ግን እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «አብርሆት» አሉኝ፣ «ሰው አገር ያለ ልጅ ሲደውል የዚያን አገር ወሬ ያወራል። የእኔው ‹ትናንት የጣለው በረዶ ቡናውን ጎዳው ወይ?› ይለኛል። በረዶ መጣሉን እኔ አልነገርኩትም።» የሚሰማን ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። «እኔ አልተቀየምኩም። ሻንጣውን መልስ ያለው ማን አለ?» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ወደዚህ ደብዳቤ ያመጣኝን ልንገርህ። ለገሰ የሚባል የጅማ ሰው አለን፤ ያለ ነዳጅ ለዘላለም የሚሠራ ሞተር ፈጥሬአለሁ ይላል። ፎቶውን ለጠፈ፤ ሞተሩ ግን በሸራ ተሸፍኗል። ታዛቢ «ጋሽ ለገሰ፣ ሸራውን ይግለጡልንና እንየው» አለው። «አንተ አስቀድመህ ስምህን ግለጥ!» አለ ለገሰ። ከዚያ ደንቡን፣ ያንተን ደንብ፣ ቃል በቃል ገልብጦ ለጠፈው። ሰውም ከእሱ ጋር ቆመ። አድሚኗ ለወዳጇ ታደላለች አሉ። ለገሰ በሞተሩ ተሳስቷል፤ በደንቡ ግን ልክ ነው። እስከ ዓርብ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው።

ካስወጣሁህ ከፊዚክስ ጋር ያስቀረኸው አንድ ክር ይበጠሳል፤ ይህ ይገባኛል። በስምህ መጥተህ አልሄድኩም ለማለት ሽኝቱ እንዳሳፈረህም ይገባኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ ደላላውን ሁሉ እየገፋሁ ያቆየሁት ግሩፕ በእኔ አድልዎ ይፈርሳል። ስለዚህ ዓርብ ታዛቢን አስወጣለሁ። ሚሊዮን ግን ካሻው ይግባ፤ አድሚንነትህን ለማንም አልሰጠሁም። ቪዛ የተከለከለ ሰው ስሌቱ አይከለከልም።

የጠረጠርኩትን ለማንም አልተናገርኩም። ቅዳሜ ጠዋት በሰላሐዲን መኪና ቢታ ገነት እመጣለሁ፤ የማርቲንም በር አንኳኳለሁ። ከተከፈተልኝ ስለ ጀርመን አንዲት ጥያቄ አልጠይቅህም። ካልተከፈተልኝ ደግሞ አልጨቀጭቅም፣ በጎረቤትም አላጣራም። ቦንጋ ተመልሼ ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስም ለመምህራኑም ሚሊዮን ጀርመን ነው፣ ደህና ነው እላለሁ፤ እኔም አምናለሁ። በሕይወቴ ሳልጠረጥር ያመንኩት የመጀመሪያው ነገር ይሆናል።

እባክህ በሩን ዘግተህ ያንን አታሳምነኝ።

አብርሆት
ቦንጋ