መምህር «ለምን» እና ስድስተኛው ደብተር

ተማሪዎቻቸው «መምህር ለምን» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት አባታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከስድስት ልጆች ታላቁ ሆነው፣ ከመጋዝ ቤቱ ጀርባ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገቡ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድና አንድ ሁለት የሚሆነው ለምን እንደሆነ ደጋግመው ጠይቀው ከክፍል ተባረሩ። መልሱን ሲፈልጉ ኖሩ።

በሒሳብ ተመርቀው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አስተማሩ። በሠላሳ ዓመታቸው የትምህርት ቤቱን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አገቡ። በፊርማው ዕለት «ከውሉ ሁለት አንቀጾች እርስ በርስ ይጋጫሉ» ብለው ጸሐፊውን ሲያሳርሙ፣ ሙሽራዋ እናታችን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው ጠበቁ። «እኔን ነው የሚያገባው ወይስ ክርክር?» ማለታቸውን ዛሬም ያነሱታል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ጎረቤት «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲላቸው እንኳ «ለምን?» ይሉ ነበር።

ከሥራ መልስ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ሒሳብ ሁሉ ከጥቂት ግልጽ መነሻዎች ተነስቶ ጸንቶ እንደሚቆም፣ ራሱንም ከቶ እንደማያፈርስ ለማረጋገጥ በእርሳስ ይጽፋሉ። ስድስት ደብተር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀ። እያንዳንዱን መስመር ለሴት ልጃቸው ያነቡላታል፤ «ልክ ነው» ስትል «ለምን?» ይሏታል። ምክንያቱን ሳትናገር ወደ ቀጣዩ መስመር አይታለፍም፤ እራት ይቀዘቅዛል። እሷም የሒሳብ መምህርት ሆነች።

አምና የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። ስድስተኛውን ደብተር ለልጃቸው ሰጥተው፣ ማረጋገጫው ጸንቶ ይቆም እንደሆነ ሳይሞቱ እንድትነግራቸው ለመኗት። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ሊያረጋግጡት የተነሱትን ነገር ራሱን ማስረጃ አድርገውት አገኘች። ተማሪ ቢሠራው በቀይ የሚሰርዙት ስህተት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ አየችው፤ ያው ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ደብተሩን ዘጋች፤ ተነስታ ዕቃ አጠበች። ምንም አልተሰማትም።

ማክሰኞ ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ «አባዬ፣ ልክ ነው፤ ይቆማል» አለቻቸው። ዋሸቻቸው። «ለምን?» እስኪሏት ጠበቀች። አባታችን ግን አልጠየቁም። እጇን ይዘው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት ታናናሾቻቸውን ትተዋል። ይህን የጻፈችው ያቺው ልጃቸው ናት፤ እንባዋ እስካሁን አልመጣም። አውቀውባት ይሁን አምነዋት፣ ለምን እንዳልጠየቋት አታውቅም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን፣ «ለምን?» ያለ ሰው በማይባረርበት ስፍራ ያሳርፍልን።