ጆሃንስበርግ አምስት ሰዓት ነው

እሑድ

ደሳለኝ ዛሬም መጣ። የሟች ባሌ ወንድም ነው። ከቡራዩ ሰበታ ድረስ የሚመጣው እኔን ሊያስተምር ነው። አንዴ አውሮፕላን ተሳፍሯል፤ እሷኑ ይኸው ስንት ዓመት ያመነዥካታል። «ጆሃንስበርግ በአየር አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። አምስት ሰዓት፣ በቃ!» ይላል፣ መንገዱን ራሱ የጠረገው ይመስል። ከዚህ ከሰበታ ቦሌ ለመድረስ ስንት ሰዓት ታክሲ እንደምንጠብቅ ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

ጆሃንስበርግ ያለችው ልጄ ምሕረት ሐሙስ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። ባሏ ስታረግዝ ጠፋ። እዚያ ሰው የላትም። «እማ፣ ሳልገባ ድረሽልኝ» ነው ያለችኝ። የሱ ኪሎ ሜትር ምን ያደርግልኛል?

ሰኞ

ትኬቱን አነበበልኝ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ። «ረቡዕ 02:00 ይላል። ሞኝ ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ይመስለዋል። የፈረንጅ ነው፤ ስድስት ትጨምሪበታለሽ። ሌሊት ስምንት ሰዓት!» ደረቱን ነፋ። ስድስት መደመር ይህን ያህል ካኮራ፣ እኛ ፋብሪካ ያለነው ሁሉ ዶክተር ነን።

እናም ረቡዕ ማታ በሚኒባስ፣ በመዘምራን፣ በጸሎት ሊሸኘኝ ነው። ሻንጣዬንም «ልመዝነው» ብሎ ቤቱ ወሰደው። የሆሳዕናው ቅቤ፣ የገንፎው ዱቄት፣ የሕፃኑ ልብስ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ፓስፖርቴን ግን አልሰጠሁትም። እሱን ቢያገኝ በሰፈሩ እያዞረ ያሳየው ነበር።

ማክሰኞ ማታ፣ ቦሌ

ከሥራ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ምሕረት ደወለች።

«እማ፣ ወደ ቦሌ ወጣሽ?»

«ነገ ማታ አይደል እንዴ?»

ጮኸች። «እማዬ! ፈረንጅ እኮ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው! ረቡዕ የሚለው ዛሬ ሌሊት ነው፣ ዛሬ!»

እኛ ሌሊቱን ከመሸበት ቀን ጋር ነው የምንቆጥረው። ያ ሊቅም እንደኛው ቆጥሮት አረፈ። አውሮፕላን ተሳፋሪ! ወይ አለማፈር!

አከራዬ ኦቦ ፈይሳ «ደፊ! ደፊ!» እያሉ፣ እያጣደፉ፣ እህል በሚጭኑበት አይሱዙ አደረሱኝ። እግዜር ይስጣቸው። ለደሳለኝ አልደወልኩም። ደውዬ ደግሞ ስለ አቋራጭ መንገድ ልማር? ይቅርብኝ።

ረቡዕ ማታ፣ ጆሃንስበርግ

ባዶ እጄን ገባሁ። የምሕረት እግር አብጧል። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

«ቅቤውስ?» አለችኝ።

«አጎትሽ እየመዘነው ነው» አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ፀጉሯን ስጎነጉን ስልኳ ጠራ። ደሳለኝ ነው። ሰበታ፣ ደጃፌ ላይ ሚኒባስ አቁሞ ቆሟል። ከኋላው መዝሙር ይሰማል።

«እናትሽ የት ገባች? ሰው ሁሉ እየጠበቃት ነው! ከዘገየች አያሳፍሯትም በያት!»

ስልኩን ተቀበልኳት። «እዚህ ነኝ። ምሕረት ቤት።»

መዝሙሩ ብቻ ቀጠለ።

«አምስት ሰዓት ነው ያልከኝ? እውነትህን ነው፣ አምስት ሰዓት ነው የፈጀው» አልኩና ዘጋሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት

አሁን አስገቧት። እስከ በሩ ድረስ እጇን ይዤ ነበር። «እማ፣ እንዳትሄጂ» አለችኝ። የት እሄዳለሁ?

ሕፃኑ የሚለብሰው ቡራዩ ቀርቷል። ነጠላዬን አውልቄ ይዣለሁ፤ በሱ እጠቀልለዋለሁ። በሩ ገና አልተከፈተም።