ጨምራለች ያላልንላት

መሐል ሜዳ
መጋቢት ፲፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓለምፀሐይ፣ ካለሽበት ሐዋሳ።

እንደምን ከርመሻል ልጄ? የስፌት መኪናው ወገብሽን እንዴት አደረገው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከማሕሌት ቁመት ጋር ተጣልቷል፤ እሱም ቢሆን በመቋሚያ ይሸነገላል። ብርዱ ያው የመንዝ ብርድ ነው፤ በጋ ክረምት አይልም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ልጅሽ ገሊላ አጠገቤ ናት። ስታጠና ትሰማለች፣ ስትጫወት ትሰማለች፣ ተኝታለች ስልም ትሰማለች። የዛሬው ነገር ደግሞ እሷ በሌለችበት የሚነገር ነው። አሁን ትምህርት ቤት ናት፤ በሁዳዴ ቅዳሴ የምንገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ የእኔ ነው። ወረቀቱን የጎረቤታችን የይዘንጋሽ ልጅ ታደርስልሻለች፤ መንገዱ ከተከፈተ ነገ ትነሳለች።

አስቀድመሽ እንዳትደነግጪ፣ ልጅሽ በሕይወት አለች፤ ዛሬም በእግሯ ሄዳ ፊደሏ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ግን አጥፍቻለሁ። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

የአዲስ አበባው ሐኪም በሽታው ክሮንስ ነው፣ አንጀቷን እያቆሰለ ነው፣ የምትበላውም ሥጋ የማይሆናት ለዚህ ነው ካለን ወዲህ ያዘዘውን አንድም አላጎደልኩም። ቆሎ የለም፣ ባቄላ የለም፣ ጥሬ ነገር የለም፣ በርበሬ ደጃፋችንን አይረግጥም። የመንዝን ሰው ቆሎ ከከለከሉት ምን ቀረው? ይሁን ብዬ ከለከልኩ። ድንቹን ልጬ እቀቅልና በቅቤ አሸዋለሁ። ሩዙን እህል መሆኑ እስኪጠፋው አበስለዋለሁ። አጥሚቱን በሻሽ አጠልልና ማር ጠብ አደርግበታለሁ። በቆርቆሮ የምትልኪውን የዱቄት ምግብም ሐኪሙ ባሳየኝ ማንኪያ እበጠብጥላታለሁ። ደግሞ አንዴ አቅርበሽ የምትገላገይው አይደለም፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነው። እናትሽ ጥሩሸዋ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወቷ አንድ ቀን ድስት ያላወረድኩላት ሰውዬ ዛሬ ጓዳ ለጓዳ ስንደፋደፍ ብታየኝ ሳቋ ቤቱን ይሞላው ነበር። ይዘንጋሽማ አፏ መች ያርፋል! በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት እንቁላል ሲሸታት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ቄስ ትዕዛዙ፣ ፋሲካን ብቻዎን ቀደሙት እንዴ?» አለችኝ። «የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ይልቅ አንቺ ምላስሽን ጹሚበት» አልኳት። ተሳሳቅን።

ታዲያ ልጄ፣ ገሊላ ኪሎ ጨመረች።

አዎ፣ ጨምራ ነበር። አሁን ይህችን ቃል ስጽፍ እንኳ እትፍ ልል ከጅሎኛል። በታኅሣሥ ሆስፒታል ወስጃት ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ሲስተር አርሴማ ፊቷ በራ። «አባ፣ ገሊላ እኮ…» ስትል አፏን በእጄ ልከድነው ምንም አልቀረኝ። «ዝም በይ ልጄ! በወረቀትሽ ጻፊው እንጂ በአፍሽ አትጥሪው» አልኳት። ከዚያ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ፣ «ምን ጭማሪ አላት፣ ያው አጥንት ናት!» አልኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ምን ዓይነት ዓይን እንዳለ ማን ያውቃል? ልጅቷ ከሚዛኑ ሳትወርድ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሲስተሯን ታያለች። እኔ እሷን አላየሁም።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ታውቂዋለሽ። ወንድምሽ ቃለአብ ሲሞት አንቺ ገና በእናትሽ ጀርባ ነበርሽ። በጥምቀት ቤታችን የገባ እንግዳ፣ «እንዴት ያለ ሙልት ያለ ልጅ ነው!» አለ፤ እትፍም ሳይል ወጣ። ከዚያ ወዲያ ልጁን ቁርጠት ያዘው፣ ተቅማጡ አልቆም አለ፣ እየመነመነ ሄዶ በሚቀጥለው ጥምቀት አልነበረም። አገሩ ሁሉ ዓይን በላው አለ፤ እኔም አልኩ። በዐውደ ምሕረት ቆሜ ከእግዚአብሔር በቀር ማንንም አትፍሩ እያልኩ የማስተምረው ቄስ፣ ቤቴ ገብቼ የአንድ እንግዳ ዓይን ስፈራ ኖርኩ። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ልጅ ተመስግኖ አያውቅም። እናትሽ አንቺን ፉንጋዬ እያለች አሳደገችሽ። እኔም በተራዬ ገሊላን ኮስማናዬ አልኳት። ስሙ ጋሻ ይሆናታል ብዬ ነበር።

ለጥምቀት ቀሚስ ልትሰፊላት ልኳን ስትጠይቂኝ ምን እንዳልኩሽ ትዝ ይልሻል? «ያው ናት፣ በአምናው ልክ ስፊው» አልኩሽ። ድምፅሽ ተለወጠ። ማልቀስሽን አውቄያለሁ። ያን ጊዜ እውነቱን ብነግርሽ ምን ነበረበት? ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ ፈራሁ፤ አንቺን በከንቱ አስለቀስኩሽ፣ ይቅር በይኝ። ሰማያዊው ቀሚስ መጣ። ልጅቷ በደስታ አጥልቃው ዚፑን ስጎትት አልዘጋ አለ፤ ጀርባዋ ሞልቶ ነበር። ልቤ ጮቤ ረገጠ፤ አፌ ግን፣ «እናትሽ ልኩን ስታው ነው» አለ። ቀሚሱን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። እሷም በአሮጌው ቀሚሷ ታቦት ሸኘች።

ከቅበላ ወዲህ መብላት ተወች። እኔ በሽታው ተነሳ ብዬ ደነገጥኩ። ሆዷን ስዳብስ «አያመኝም» ትላለች፤ ተቅማጥም የለም። ግን እንቁላሉን ለድመቷ ትሰጣለች፣ አጥሚቱን ጓሮ ጎመኑ ሥር ትደፋለች። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ጸበል ረጨሁ። አንድ ጠዋት ቅቤ ሳቀልጥ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ አይድከሙ» አለችኝ።

«ከምኑ?»

«እኔ እንደሆን አልጨምርም። ቅቤው ለምን ይባክናል? ይሽጡትና ለእማዬ መሳፈሪያ ይላኩላት። ቶሎ ትምጣ።»

«ደግሞ አትጨምሪም ያለሽ ማን ነው?» ብዬ ጮኽኩባት።

«እርስዎ» አለች፣ እሳቱን እያየች። «ሆስፒታልም ብለዋል፣ ለእማዬም በስልክ ብለዋል። ስሜም ኮስማና ነው። እትዬ ይዘንጋሽ ደግሞ ቁርጥ አጎቷን ቃለአብን ትላለች።»

ወይኔ ትዕዛዙ! የዘጠኝ ዓመት ልጅ መሞቻዋን አውቄያለሁ ብላ ለቅቤዬ ታስብልኛለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ የፈራሁትን በራሴ አፍ ጠርቼ ማምጣቴን ግን ያን ቀን አወቅሁ። ድስቱን አወረድኩት።

በማግስቱ ይዣት ሆስፒታል ሄድኩ። ሲስተር አርሴማን ለብቻዋ ጠርቼ፣ «ዛሬ እንዳትሰስቺ፤ ሰው ይስማ አይስማ ብለሽ እንዳትፈሪ፣ ጮክ ብለሽ ጨምረሻል በያት» አልኳት። ደስ አላት። ልጅቷ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ሲስተሯ ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች። ቀንሳ ነበር ልጄ። አልበላ ባለችባቸው ሳምንታት የታኅሣሡ ሁሉ ሄዷል። ገሊላ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አዩ?» አለችኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። እውነት በነበረ ጊዜ ደበቅሁት፤ ልናገረው ስደፍር ውሸት ሆኖ ጠበቀኝ። እዚያው ያለችው ሐኪም መርምራት በሽታው እንዳልተነሳ፣ ከበላች እንደምትመለስ ነገረችኝ። ከበላች ነው እንግዲህ ነገሩ።

ቤት ስንገባ ሌላ መላ ሲጠፋኝ ሰማያዊውን ቀሚስ ከሣጥን አወጣሁና «ልበሽው» አልኳት። ለበሰችው። ዚፑ ሸርተት ብሎ ተዘጋ። ከወገቡማ ተርፏታል። እሷ ግራ እጇን ወደ ኋላ ልካ ዚፑን ስትዳብስ ቆየች።

«በጥምቀት አልዘጋ ብሎኝ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«እማዬ ልኩን ስታው ነው ብለውኛል።»

«እናትሽ አልሳተችም። አንቺ ጨምረሽ ነበር» አልኳት። እትፍ አላልኩም።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው እንዳያይብኝ ፈርቼ።»

ትንሽ አሰበችና፣ «እኔም እንዳላይ?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳናዝዝ ኖሬ በአንዲት ሕፃን ፊት ተናዛዥ ሆንኩ። እሷ ደግሞ ቀጥላ፣ «ቃለአብስ ጨምሮ ያውቃል?» አለች።

«አላውቅም» አልኳት። «አልመዘንነውም።»

ቀሚሱን አውልቃ ራሷ አጠፈችው። «እንግዲያው እስኪጠበኝ እበላለሁ፤ ዚፑን ግን እኔ ነኝ የማየው» አለች። ያን ዕለት ከእንቁላሉ ግማሹን በላች፣ ግማሹን ለድመቷ ሰጠች። እንዲህ ነው አሁን ያለነው። አንድ ቀን ትበላለች፣ አንድ ቀን ታኮርፋለች። ኮስማናዬ ማለቱን ትቻለሁ፤ እሷ ግን ገና የእኔን ቃል አታምንም። አልፈርድባትም።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ስትደውዪ ጨምረሻል ብለሽ እንዳትዋሺያት፤ ውሸት በእኔ ይብቃ። ይልቅ ለፋሲካ ሌላ ቀሚስ ስፊላት። ዛሬ ባለችበት ልክ አይደለም፤ ከታኅሣሧም አስፍተሽ፣ አስረዝመሽ ስፊው። ለብሳው ስትዋኝበት፣ እናቷ ምን ያህል እንደምትጠብቃት በገዛ ጀርባዋ ትወቀው። እኔ የምነግራትን ባታምን የአንቺን ስፌት ታምናለች። ዋናው ነገር ትብላልኝ ልጄ፤ እኔ ሌላ አልሻም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀለሙም እያለቀ ነው። ያ የአዲስ አበባው ሐኪም በመጀመሪያው ቀን፣ «ከቤተሰቡ እንዲህ ያለ የሆድ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የለም አልኩት። ከፋሲካ በኋላ ለቀጠሮዋ ስንሄድ ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ቃለአብ ቆሎ ይወድ ነበር። ሲታመም ገብስ ያበረታሃል እያልኩ ኪሱን የምሞላለት እኔ ነበርኩ።

ይኸው ነው። ጠዋት እገሊላ ጠጉር ላይ ቅቤ ሳደርግ ልጅነትሽ ድቅን አለብኝ። አንቺም ፉንጋ አልነበርሽም፣ ዓለምዬ። ቆንጆ ነበርሽ፤ በጥምቀት ሜዳ ስታልፊ ሰው ዞሮ ያይሽ ነበር፣ እኔና እናትሽም እየተያየን በሆዳችን ደስ ይለን ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልነገርንሽም። አሁን ነገርኩሽ።

የመንዝ ታቦታት ሁሉ በወጣሽበት ይጠብቁሽ። እጅሽ የያዘው ይባረክ፣ መርፌሽ አይሰበር። የትንሣኤውን ብርሃን ሦስታችንንም በአንድ ማዕድ ያሳየን።

አባትሽ
ቄስ ትዕዛዙ