ባቄላው ያልበሰለበት ምክንያት

በቆጂ፣ ቅዳሜ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ዛሬም ባቄላው ጥሬ ነበር። አብሮኝ የሚኖረው መምህር ጌታቸው ማንኪያውን አስቀምጦ አዴ ፋጡማን፣ «ማገዶው ያልቃል፣ ምግቡ አይበስልም። እየሸጡት ነው እንዴ?» አላቸው።

አዴ ፋጡማ ከአቦምሳ መጥተው ምግብ ይሠሩልን ከጀመሩ ገና ወር አልሞላቸውም። «ወላሂ አንድ ፍልጥ አልሸጥኩም!» አሉ። እኔም የማገዶውን ክምር በዓይኔ ለካሁ።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። ከትምህርት ቤት ቴርሞሜትር አምጥቼ የሚንተከተከው ድስት ውስጥ ከተትኩት። ዘጠና ዲግሪ ላይ ቆመ። ማገዶ ብንጨምርም ፈቀቅ አላለም። በቆጂ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው በደንብ ሳይሞቅ ይፈላል። ዝቅ ባለችው በአቦምሳ ቶሎ የሚበስል ባቄላ እዚህ ግማሽ ቀን እሳት ላይ ይውላል። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ ከራሴ ድስት ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

ጌታቸው ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየና፣ «ይገርማል» ብሎ ወጣ። ይቅርታ አልጠየቀም።

አዴ ፋጡማ፣ «እንግዲህ ሌባ አይደለሁም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አይደሉም።»

«ያለዚህ መስታወት ግን አታምኑኝም ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ልብሳቸውን ጠቅልለው ወደ አሰላ በሚሄደው መኪና ተሳፈሩ። ከዚያ ወደ አገራቸው ወደ አቦምሳ ይሻገራሉ። እስከ መኪናው ሸኘኋቸው። እንዲቀሩ ልለምናቸው አስቤ ነበር። «አታምኑኝም» ያሉት ለጌታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።