በድምፅ ብልጫ የተተረጐመ ቃል

ለተከበሩ ለጓድ ወልደ ገብርኤል፣ ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ባሕር ዳር፣ ጥር 1973 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤ አብዮታዊ ሰላምታዬን አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ዓይንዎም የበራ እንዲሆን እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት፣ ሂስ በአደባባይ ነው ብለው እርስዎው ስላስተማሩን ነው።

ባለቤቴ አገርነሽ ግራ ዓይኗን በልጅነቷ ፈንጣጣ ወስዶባታል። በጥቅምት ወር በቀኝ ዓይኗም ከዳር ጀምሮ ጥቁር ነገር ይጋርዳት ጀመር። የውጭ አገሩ ሐኪም አዲስ አበባ ካልታከመች ይኸኛውም እንደሚጠፋ ነግሮን፣ መቼ መሄድ እንዳለባት በእንግሊዝኛ ባንድ ቃል ጻፈልን፤ «ኢሚዲየትሊ» ይላል። አሁኑኑ ማለት ነው። በዚያው ቀን የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ቢሮዎ ደረስን። ስለተደረገልን ሁሉ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

፩ኛ. ቃሉን የሚያጠና ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ስላቋቋሙልን። ለአንድ ዓይን ዐሥራ አራት ዓይን መመደብ ቀላል ነገር አይደለም።

፪ኛ. ዐሥራ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርሁ ብሆንም፣ ባሏ ነውና ያደላል ተብዬ ከስብሰባው ስለተሰናበትሁ። ከኮሚቴው አባላት ሦስቱን ያስተማርሁ እኔ ስለሆንሁ ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው።

፫ኛ. መዝገበ ቃላት ይቅረብ ስለተባለ። መዝገበ ቃላቴን በአሰሳው ጊዜ ከቤቴ የወሰደው ቀበሌው ሲሆን፣ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ጓድ ደግሞ ለዘመቻ አንበሳሜ ሄዷል። እርሱን ስንጠብቅ አምስት ሳምንት አለፈ። በመካከሉ ያለ ይለፍ ለመሄድ ሞክረን ከመሸንቲ ኬላ ተመለስን፤ ስለዚህ ጥፋታችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

፬ኛ. ባለ ቁልፉ ሲዘገይ ጉዳዩ እጅ በማውጣት እንዲያልቅ ስለፈቀዱ። ጓድ ሀብተ ሥላሴ «ይህን ያህል የረዘመ ቃል ቶሎ ማለት ሊሆን አይችልም፤ የቸኮለ ሰው ባጭሩ ይጽፋል» ብለው አስረድተው፣ ቃሉ «ተራዋ ሲደርስ» ማለት መሆኑ በአምስት ድጋፍ በሁለት ተቃውሞ ተወሰነ። እጃቸውን ከአምስቱ ጋር ያላወጡትን ጓድ ሸዋዬንና ጓድ ቡርሀንን ግን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ተራዋ ባለፈው ማክሰኞ ደርሶ ይለፉ ተሰጠን። ሐኪሙ ዓይኗን አይቶ ከእንግዲህ መሄዷ እንደማይጠቅም በተሰባበረ አማርኛ ነገረን። ተርጓሚም ኮሚቴም አላስፈለገንም።

ስለ ሰፊው ሕዝብ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ከቤቱ ሳይወጣ በየዕለቱ የሚመለከት፣ ሌላ የሚያደርገው የሌለው ታዛዥዎ፣
መርስዔ ኀዘን
የእንግሊዝኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከይለፉ ግርጌ «አንብቤ ፈርሜያለሁ» የሚል መስመር አለ። ባለ ይለፏ ራሷ ካልፈረመች ወረቀቱ ለመዝገብ አይመለስም ስለተባልን፣ ጣቷን ይዤ መስመሩ ላይ አስቀመጥሁላትና ፈረመች። ፊርማዋ ቢንጋደድ ይቅር ይበሏት።